በካውያ የታሸጉ ከረጢቶች

ከአርባ ሁለቱ ልጆች ማግኒዚየሙ የደረሳቸው የትኞቹ ናቸው? እህቴ ጠይቃኛለች፤ ነርሷ ጠይቃኛለች፤ የክሊኒኩ ዘበኛ ሳይቀር በር ሲከፍትልኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ጠይቆኛል። ለሁሉም የሰጠሁት መልስ አንድ ነው፦ አላውቅም። መጀመሪያ ላይ አለማወቅ ሥራዬ ነበር። አሁን ግን ማወቅ ብፈልግም አልችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት ጀመረ። አስም ያለባቸው ልጆች ማግኒዚየም የሚባለውን ማዕድን በየቀኑ በዱቄት መልክ ቢወስዱ ይሻላቸው ይሆን ወይ የሚል። ግማሾቹ ልጆች ማግኒዚየም ያለበትን ዱቄት ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን አስመሳይ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ሎሚ ሎሚ ይላሉ፤ ሁለቱም ጣት በምታክል የፕላስቲክ ከረጢት ታሽገው ነው የሚመጡት። ከረጢቱ ላይ ቁጥር ብቻ አለ። የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል፤ የልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር አይከፈትም።

ከዱቄቱ ሌላ ለሁሉም ልጆች እናቶቹ ፓፍ የሚሉት፣ በየቀኑም ትንፋሽ ሲያጥራቸውም በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ስለ ፓፉ የሚጠና ነገር የለም፤ እንደሚሠራ ዓለም ያውቀዋል። እናቶቹን እዚህ ያመጣቸው ግን እሱ ነው። መድኃኒት ቤት ፓፍ ሲገኝ አንድ ሰሞን ነው፤ ሲጠፋ ወራት ነው። እኛ ዘንድ አይጠፋም። ዱቄቱን የተቀበሉት ከፓፉ ጋር ስለመጣ ነው፤ እንግዳ ይዞት እንደሚመጣ ሌላ እንግዳ።

ፋርማሲስት ነኝ። የዚህ ሁሉ ቁልፍ ያዥ እኔ ነኝ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለምን እንደተመለስኩ ሲጠይቁኝ፣ እንደ ጠያቂው ሁኔታ የተለያየ ነገር እመልሳለሁ፤ የትኛው እውነት እንደሆነ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። የተሰጠኝ ክፍል ድሮ ራጅ ይነሣበት የነበረ ነው። እርጥበት ስለማያስገባና በሩ ጠንካራ ስለሆነ ተመረጠ። መስኮት የለውም። በሩ በውስጥ በኩል የእርሳስ ብረት ስለተለበጠ ለመክፈት ትከሻ ይፈልጋል፤ ሲዘጋ ደግሞ የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል። መልእክት ለመላክም ሆነ ለመቀበል ኮሪደሩ ላይ መውጣት አለብኝ። አንዳንድ ቀን በሩን ዘግቼ ስቀመጥ፣ የራሴን ትንፋሽ ከሚገባው በላይ እሰማዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ከአርባ ሁለቱ አንዷ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። ደረቷ ስለሚያፏጭ የሰፈር ልጆች ፉጨት የሚል ስም አወጡላት። እሷም ወደደችው፤ አሁን እናቷም በሌላ ስም አትጠራትም። ጠዋት ስትነሣ ደረቷን አድምጣ ወሬ ትሰጣለች። «ዛሬ የድመት ልጅ ናት» ካለች ደህና ናት። «ዛሬ ማንቆርቆሪያ ነው» ካለች እናቷ ሥራዋን ትተዋለች።

የመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ከጥናቱ ሠራተኞች ጋር ዝምድና አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። በዚያ ሳምንት ፉጨት መተኛት አቅቷት ሦስት ቀን ግድግዳ ተደግፋ ነበር ያሳለፈችው።

«አንተ ፈረንጁ» ትለኛለች እህቴ፣ ከተመለስኩ ወዲህ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ «ለልጄ የምትሰጣት የቱን ነው?»

«አላውቅም እታለም።»

«ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው፤ ፖስታው ካዝናው ውስጥ ነው፤ ካዝናው ክፍልህ ውስጥ ነው። የማታውቀው ምኑን ነው?»

«አይከፈትማ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት የተማርከው አለመክፈት ነው?» ትልና ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን በልቤ አንዳንዴ እጄ ወደ ካዝናው እንደሚሄድ አልነግራትም።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እናቶቹ ይመጣሉ። ያለቁትን ባዶ ከረጢቶች ይመልሳሉ፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ይወስዳሉ፤ ልጆቹ በትንፋሽ መለኪያው ቱቦ ይነፋሉ። ባዶዎቹን የምቀበለው ልጆቹ በትክክል መውሰዳቸውን ለማወቅ ነው። በአራተኛው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከባዶዎቹ አንዱ ጣቴን ሻከረኝ። መብራት ስር አየሁት። የፋብሪካ እሽግ ጫፉ ላይ ቀጥ ያሉ ጥቃቅን መስመሮች ይተዋል። የዚህኛው ጫፍ ላይ የታተመው ግን የጨርቅ ድርና ማግ ነበር። ከአጠገቡ ያለውን አነሣሁ፤ እሱም ድርና ማግ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። የሠላሳ ስድስት ልጆች ከረጢት በሙሉ ተከፍቶ፣ እንደገና ታሽጎ፣ እንደገና ተከፍቶ ነበር።

ፕላስቲክን በጨርቅ ሸፍኖ በካውያ የሚያሽግ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ለትምህርት ስሄድ ሰርተፊኬቶቼን ዝናብ እንዳይነካብኝ እንደዚያ አሽጋ የሰጠችኝ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት።

የእህቴ ሱቅ ከክሊኒኩ ሁለት መንገድ ወዲያ፣ በስልክ ጠጋኝና በቁልፍ ቀራጭ መካከል ያለች አንድ ክፍል ናት። ሁለት መኪና፣ አንድ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ ጭንቅላት የሌላት አንዲት አሻንጉሊት። ስደርስ መጋረጃው ወርዶ በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ገባሁ።

መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ነጭ አንሶላ ተነጥፏል። በአንሶላው ላይ ሰፊ የሊጥ ሳፋ አለ፤ ሳፋው ውስጥ ዱቄት። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እኛ የመንቶቹ እናት የምንላት፣ እጅጌዋን ሰብስባ ዱቄቱን ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያለች ታገላብጣለች። ጎኗ ላይ የዳቦ ቤት ሚዛን። እህቴ ካውያ ይዛ ቆማለች። ሁለት ሌሎች እናቶች ባዶ ከረጢት እየከፈቱ ያቀብላሉ።

«በሩን ዝጋው፤ ንፋስ ይገባል» አለች እህቴ ቀና ሳትል።

«እታለም፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ዱቄት ነዋ። አንተ አይደለህ እንዴ የሰጠኸን?»

«ቁጭ በል ልጄ» አለች የመንቶቹ እናት። «ፊትህ ነጭ ሆኗል። ተሳስተን አንተንም እንዳንቀላቅልህ።»

ሁለቱ እናቶች ሳቃቸውን በክርናቸው አፈኑት። እኔ አልተቀመጥኩም። መጮኽ ፈልጌ ነበር፤ የወጣው ግን የተማሪ ድምፅ ነው፦ «ለምን?»

የመንቶቹ እናት እጇን አራገፈች። «ሴት ልጆቼ በመጀመሪያው ሳምንት ዱቄታቸውን ሲጠጡ አንዷ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ አንዷ ተጨማሪ ትለምናለች። ቀመስኩት። እኔ ሃያ ዓመት ሊጥ ስቀምስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጨው በቁንጥር ብትበዛ ምላሴ ይነግረኛል። አንደኛው ከሎሚው ኋላ የሚመር ነገር አለው። ሁለተኛው ባዶ ነው። መራራው መድኃኒት ነው፤ ጣፋጩ ማታለያ ነው። ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው።»

«እና?»

«እና ይለኛል! አንተ መንታ ወልደህ ታውቃለህ? ባንድ አልጋ የተኙ ልጆች ናቸው። ለአንዷ መድኃኒት፣ ለአንዷ የሎሚ ውኃ እየሰጠሁ በምን ዐይኔ ልያቸው? የሁለቱን ቀላቅዬ እኩል ከፈልኩት። አለቀ።»

መንቶቹ ሲመዘገቡ ለሁለቱ የተለያየ ምድብ ሊወጣ እንደሚችል አስቤ ጥናቱን ከውጭ ሆኖ ለሚመራው ፕሮፌሰር ጽፌለት ነበር። ኮምፒውተሩ መንታ አያውቅም፤ ዕጣ ያወጣል፤ ያልፋል። «ለውጥ አያመጣም» ብሎ መለሰልኝ። እኔም ተውኩት።

«ለሌሎቹስ ማን አዳረሰው?»

«እኔ» አለች እህቴ። ካውያውን አቆመች። «ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ስንጫወት ነገረችን። ሁላችንም ልጆቻችን ጋ ሄደን ቀመስን። ግማሹ መራራ፣ ግማሹ ጣፋጭ። ለሁለት ከተቀላቀለ ለሁሉም ይቀላቀል አልኩ። ሩቅ ያሉት ስድስቱ ብቻ ቀሩ፤ እነሱን አላገኘናቸውም።»

«የፉጨትስ የቱ ነበር?»

አንድ ከረጢት አንሥታ ጨርቁን አለበሰችው፤ ካውያውን አሳረፈች፤ አነሣች።

«መራራው» አለች።

ልጄ ዘንድ ያለው መድኃኒቱ ነው ብላ አምናለች፤ ይዛው ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም ነበር። ወስዳ ሳፋው ውስጥ ጨመረችው። መራራው ማግኒዚየሙ ይሁን አስመሳዩ እኔ አላውቅም፤ ፋብሪካው ለማመሳሰል ሲል መራራ ነገር ባዶው ውስጥ አስገብቶ ሊሆንም ይችላል። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በዚያች ሰዓት ዕውቀቴ የሚያሳፍር ነገር መሰለኝ።

«ጥናቱን እኮ ገደላችሁት» አልኩ በመጨረሻ።

«ማን ሞተ?» አለች የመንቶቹ እናት። «ሁሉም ልጆች ደህና ናቸው። ጥናቱ ቢሞት እንቀብረዋለን።»

«አይገባችሁም። አሁን ይሠራል ወይም አይሠራም ብሎ የሚናገር ሰው ሁሉ ውሸት ነው የሚናገረው።»

«ውሸት አልከኝ?» እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «እኛ ማንንም አልዋሸንም። ማንም አልጠየቀንም። ቅጹ ላይ 'ዝምድና የለም' ያለው ማነው? እኔ ነኝ?»

ሌሎቹ እናቶች ከረጢት ቆጠራቸው ላይ አቀረቀሩ።

ያኔ ነው ከጠረጴዛው ስር ሳሉ የመጣው። ፉጨት እዚያ ነበረች፤ የወዳደቁ የልብስ ቁልፎችን በየቀለማቸው እየለየች። ወጣች። ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ወጥቷል። «ማን... ቆር...» አለች፤ ሌላውን መጨረስ አልቻለችም። የአንገቷ ጉድጓድ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

እህቴ ካውያውን ነቅላ ከመሳቢያ ፓፉን አወጣች። ከፓፉ ጋር የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር፤ ቂጡ ለፓፉ አፍ በልክ የተበሳ፣ ዙሪያው በፕላስተር የተጠቀለለ። መድኃኒቱ ጠርሙሱ ውስጥ ይነፋል፤ ልጅቷ ከጠርሙሱ አፍ ቀስ ብላ ትስበዋለች። ልጆች ፓፉን በቀጥታ ሲስቡት ጉሮሯቸው ላይ ስለሚቀር እንዲህ እንዲያደርጉ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

«አንድ... ሳቢ... ያዢው... የኔ እናት... ልቀቂ» ትላለች እህቴ። ክር እንደሚቆጥር ሰው የተረጋጋ ድምፅ ነው። አራት ጊዜ ነፋችላት። ደቂቃዎች አለፉ። ሁላችንም የፉጨትን ትከሻ እናያለን። ቀስ በቀስ ወረደ። ፉጨት ፊቷን በእናቷ ቀሚስ አበሰችና፣ «አጎቴ፣ አንተም ነጭ ሆነሃል» አለችኝ።

እህቴ ፓፉን አንሥታ አሳየችኝ። «ዱቄቱን ከፈለግክ ከነሳፋው ውሰደው። ይሄን ብቻ እንዳትነካብኝ። በሞቴ።»

ሰኞ ለነርሷ ነገርኳት። ሌላ የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ክሊኒኩ ውስጥ ከሁላችንም በላይ የቆየች ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። መርፌ የምታሰናዳበትን ትሪ እየጠረገች ሰማችኝ።

«አይተህ እንዳላየህ ሁን» አለች።

«ሲስተር፣ እንዴት ሆኖ?»

«ብትናገር ምን ይሆናል? ጥናቱ ይዘጋል። ጥናቱ ሲዘጋ ፓፉም ይዘጋል። ሳትናገር ብትቀርስ? አንድ ወረቀት ይሳሳታል። ወረቀት አስም የለበትም።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። ጠዋት የእርሳሱን በር በትከሻዬ ገፍቼ እገባለሁ፤ በውሸት መዝገብ ላይ እውነተኛ ቁጥር እጽፋለሁ፤ ማታ እወጣለሁ። እህቴ ምሳ ትልክልኛለች፤ ምሳው ውስጥ ምንም ቃል የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶቹ ድርና ማግ የታተመባቸውን ከረጢቶች ይሰጡኛል፤ እኔም እያየሁ እቀበላለሁ። አሁን ይደብቁኛል ማለት አይቻልም። የመንቶቹ እናት እንዲያውም፣ «ዛሬስ እንዴት ነው እሽጋችን? ፋብሪካ አንመስልም?» አለችኝ። ሥራ ለመልቀቅ አሰብኩ። ተመልሼ ለመሄድም አሰብኩ፤ ጥሩ ሰበብ ይሆነኝ ነበር። ግን ቁልፉን ለማን ነው የምሰጠው? ለሚቀጥለው ሰው ምን ብዬ ነው የማስረክበው?

ዝምታዬን የሰበረችው አንዲት የሾፌር ሚስት ናት። ልጇ ሲነፋ መለኪያው ከወትሮው በጣም ዝቅ አለ። ፓፉን በየቀኑ ይወስድ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ፓፉንማ ትቼዋለሁ» አለች፣ ምሥጋና እንደምትጠብቅ ሰው ፈገግ ብላ። «ዱቄቱ በቂ ነው። ከዱቄቱ ወዲህ አይደል ሁሉም ልጆች የተሻላቸው? ፓፉን ለክፉ ቀን አስቀምጬዋለሁ።»

ሐኪሙ ልጁን ወዲያው ወደ ውስጥ ወሰደው፤ ኦክስጅን ተሰጠው፤ ከሰዓት በኋላ ተሽሎት እንደገና ሮጠ። በዚያው ቀን ኮሪደሩ ላይ ስልኬን ስከፍት የፕሮፌሰሩ መልእክት ጠበቀኝ። የልጆቹ ሁሉ ትንፋሽ መሻሻሉን የሚያሳየውን የመጀመሪያ ቁጥር አይቶ ደስ ብሎታል። ዱቄቱን የሚሠራው ድርጅትም ደስ ብሎታል፤ ከአሁኑ ለገበያ የሚሆን ማሸጊያ ስለማዘጋጀት ይነጋገራሉ።

ልጆቹን ያሻላቸው ፓፉ ነው። በየሳምንቱ የሚያያቸው ሰው መኖሩ ነው። ምናልባት ዱቄቱም፤ ማን ያውቃል? ግን ማሸጊያው ላይ ያ አይጻፍም። አንዲት እናት እዚሁ አግዳሚያችን ላይ ተቀምጣ፣ ነርስ እያያት፣ ፓፉን ትታ ዱቄቱን ያዘች። የታተመ ማሸጊያ ይዘው፣ ነርስ በሌለበት፣ ስንቶች እንደዚሁ ያደርጋሉ? የሲስተር ወረቀት አስም የለበትም፤ የሚያነቡት ሰዎች ልጆች ግን አለባቸው።

ጻፍኩ። ከረጢቶቹ መቀላቀላቸውን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ መንቶቹን፣ የሾፌሩን ሚስት ልጅ። ሁለት ሳምንት ዝም ማለቴንም ጻፍኩ። ከልጆቹ አንዷ የእህቴ ልጅ መሆኗንና ቅጹን በሐሰት የሞላሁት እኔ መሆኔንም ጻፍኩ። የእናቶቹን ስም አልጻፍኩም። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፦ ጥናቱ ቢቆም እንኳ ፓፉ እስከታሰበው ጊዜ ይሰጣቸው። ላክሁት። ከዚያ ወደ እህቴ ሱቅ ሄጄ ያደረግኩትን ነገርኳት። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም።

እየሰፋች ነበር። መኪናውን አላቆመችም።

«ለፉጨት ንገራት» አለችኝ። «እኔ አልነግራትም።»

ፉጨት ደብተሯ ላይ ድመት ትስላለች። አልነገርኳትም።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ፕሮፌሰሩ ስለ ሐቀኝነቴ አመሰገነኝ። ጥናቱ ከዛሬ ጀምሮ ታግዷል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር፣ ዱቄትም ይሁን ፓፍ፣ የጥናቱ ንብረት ስለሆነ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ምንም እንዳይወጣ። ስለ ፓፎቹ የቀረበው ጥያቄ ለሚመለከታቸው ቀርቧል፤ ያሳውቀኛል።

ክፍሉ ውስጥ ሰማንያ አራት ፓፍ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት። በሩን ቆልፌ ከሳጥኖቹ ጋር ተቀመጥኩ። ለሚመለከታቸው ጻፍኩ፤ ወደ ፕሮፌሰሩ መሩኝ። ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩ፤ እስከ እንዲህ ያለ ቀን ድረስ ከቢሮ ውጭ ነኝ የሚል በራሱ የሚመለስ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያ ቀን አለፈ። ቅዳሜ መጣ። ዘበኛው እናቶቹን ከበር መለሳቸው። ከውስጥ ሆኜ ድምፃቸውን አልሰማሁም፤ የእርሳሱ በር ጥቅሙ ያ ነው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሲስተር የሰባት ልጆች ፓፍ ማለቁን ነገረችኝ። አንዱ የሾፌሩ ሚስት ልጅ ነበር፤ አሁን እናቱ ፓፉን ፈልጋ አጥታዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሳጥኑ አንድ ፓፍ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። ወደ ልብስ ስፌቱ ሄድኩ። እህቴ ብቻዋን ነበረች። መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት።

አየችው። አልነካችውም።

«የፉጨት ስንት ቀርቶታል?» አልኳት።

«ሲያናውጡት ባዶ ነው የሚመስለው።»

«ውሰጂው እንግዲያ።»

«ለመንቶቹስ?»

«እታለም...»

«ለሾፌሩ ልጅስ? ለሌሎቹስ?»

«አንድ ብቻ ነው ማውጣት የምችለው። አንድ ቢጎድል አይታወቅም።»

«አንድ ማውጣት ከቻልክ በሩ ይከፈታል ማለት ነው» አለች። «እኔ አግዳሚው ላይ ከነሱ ጋር ነው የተቀመጥኩት። የልጄን መራራ ሳፋ ውስጥ የጨመርኩት ዐይናቸውን ሳላፍር ማየት ስለፈለግኩ ነው። አሁን ይሄን በጓዳ ተቀብዬ ምን ብዬ ነው የማያቸው? ውሰድልኝ።»

«ቢብስባትስ?»

እዚህ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሲቆይ፣ «አትፈትነኝ አንተ ልጅ» አለች፤ ከተመለስኩ ወዲህ ፈረንጁ ሳትለኝ የጠራችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ይዘኸው ውጣ፤ ሳልቀማህ ውጣ።»

ይዤው ወጣሁ። ሁለቱን መንገድ ስሄድ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልመለስና ጠረጴዛው ላይ ጥዬው ልሩጥ ብዬ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ።

ክሊኒኩ ስደርስ ሲስተርን አገኘኋት። «ስልካቸው አለሽ?» አልኳት።

«የማን?»

«የሁሉም።»

ለአፍታ አየችኝ። «ጉድህ ነው» አለችኝና መዝገቡን ለማምጣት ሄደች።

ዓርብ ጠዋት አግዳሚው ሞላ፤ የተረፉት መሬት ላይ ተቀመጡ። ዘበኛው የሆነ ነገር ሊጠይቀኝ ፈልጎ ተወው። የእርሳሱን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ ወንበር አስደገፍኩት፤ ካዝናው እንደተቆለፈ ቀረ፤ ዱቄቱንም አልነካሁም። ፓፎቹን ብቻ ሁለት ሁለት እያደረግኩ ሰጠሁ። ለእያንዳንዷ እናት ፓፉ በየቀኑ እንደሚወሰድ፣ ዱቄት በእሱ ቦታ እንደማይተካ ነገርኳት፤ ለሾፌሩ ሚስት ሦስት ጊዜ። የመንቶቹ እናት አራቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ «ከዚህ በኋላስ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ አልሳቀችም። እህቴ መጨረሻ ላይ ነው የመጣችው፤ ሁሉም መውሰዳቸውን ቆማ አይታ። ሁለቱን ተቀበለች፤ ፈርሚ ስላት ፈረመች፤ ፉጨትን በእጇ ይዛ ሄደች። ፉጨት ዞራ እጇን አውለበለበችልኝ።

ባዶ ሳጥኖቹን ክፍሉ ውስጥ መልሼ ደረደርኩ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩ።

«ሰማንያ አራቱንም ፓፍ ለልጆቹ ሰጥቻለሁ። የፈረሙበት ዝርዝር ተያይዟል። የሰጠሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አልረዳኝም። ቁልፉ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ለማን እንደማስረክብ ንገሩኝ። ፓፎቹ የሚያቆዩት ሁለት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ምን ይሁኑ?»

ላክሁት። መነበቡን የሚያሳየው ምልክት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ትንሽ እቀመጣለሁ፤ በየሰዓቱ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ስልኬን አያለሁ። ሁለቱ ወር ሊሞላ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ምንም አልመጣም።